ወረፋው ስንት ሰዓት ይይዛል? የአየር ሁኔታ መረጃ ሰርቨር የሥራ ሂደት ማስታወሻ፣ ደብረ ብርሃን

መነሻ

ደብረ ብርሃን ላይ የተተከለ አንድ ሰርቨር ከውጭ የሚመጣ የአየር ሁኔታ መረጃን በቀጥታ ይቀበልና መሐል ሜዳና ሸዋ ሮቢት ላሉ ሁለት ትናንሽ ማሽኖች ያካፍላል። 8 ጊጋባይት ራምና 480 ጊጋባይት ኤስኤስዲ አለው። የኢንተርኔት መስመሩ 20 ሜጋቢት ነው፤ ሌላም ሰው ይጠቀምበታል። ሶፍትዌሩ የአሜሪካው ዩኒዳታ የሚያዘጋጀው ኤልዲኤም ሲሆን በፖርት 388 ይሠራል። የሚወሰደው ሁለት ዓይነት ስርጭት ነው፦ የዓለም የጽሑፍ ቡለቲኖች (አይዲኤስ እና ዲዲፕላስ) እና ጂኤፍኤስ የተባለው የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ሞዴል ትንበያ የሚመጣበት ኮንዱይት። የትእዛዞቹ ስም እዚህ እንደሚነበበው ተጽፏል።

ኤልዲኤም የተቀበለውን ሁሉ መጀመሪያ አንድ ፋይል ውስጥ ያስገባል። ወረፋ የሚባለው ይህ ፋይል ነው። መጠኑ አንዴ ከተወሰነ አያድግም፤ ሲሞላ አዲሱ እንዲገባ አሮጌው ይወጣል። መረጃውን ወደ ዲስክ የሚያወጣው ፕሮግራም (ፒኪው-አክት) ሆነ በታች ያሉት ተቀባዮች የሚቀዱት ከዚሁ ነው። ሮቶ የሚገዛ ሰው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ብቻ አይጠይቅም፤ ውሃው በፈረቃ በስንት ቀን እንደሚመጣም ያሰላል። እዚህም እንደዚያው ነው፤ በጊጋባይት የሚጻፈው ቁጥር ወደ ሰዓት እስኪቀየር ድረስ ምንም አይነግርም።

ሐምሌ 4

ነባሪው መጠን 500 ሜጋባይት ነው፤ ሳይነካ ተጀመረ። ማንበቢያው ትእዛዝ ፒኪው-ሞን ነው። ከሚያወጣቸው ዓምዶች መጀመሪያ መታየት ያለበት የመጨረሻው ነው፦ ወረፋው ውስጥ ያለው አንጋፋ ፕሮዳክት ዕድሜ፣ በሰከንድ። (አንድ ቡለቲን ወይም አንድ የትንበያ ሜዳ፣ ማለትም የአንድ ነገር የአንድ ሰዓት የትንበያ ካርታ፣ «ፕሮዳክት» ይባላል።) ወረፋው ገና ካልሞላ ይህ ዕድሜ ትርጉም የለውም፤ ሰርቨሩ ከተነሣ ወዲህ ያለፈውን ጊዜ ብቻ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ቀን መጠበቅ ግድ ነው።

ሐምሌ 5

የተነበበው፦ ቀን 6 ሰዓት ላይ 14,000 ሰከንድ፣ ጠዋት 1:10 ላይ 610 ሰከንድ። አንዱ ወደ አራት ሰዓት ይጠጋል፣ ሌላው አሥር ደቂቃ ነው።

ምክንያቱ የጂኤፍኤስ ሰዓት ነው። ሞዴሉ በቀን አራት ጊዜ፣ በዓለም ሰዓት 0፣ 6፣ 12 እና 18 ላይ ይነሣል፤ ውጤቱ ግን መፍሰስ የሚጀምረው ከሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ ለማስታወስ የሚያመች ሆኖ ይገኛል፦ ጠዋት 12:30፣ ቀን 6:30፣ ማታ 12:30፣ ሌሊት 6:30። ከዚያ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጎርፍ ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚያነብ ሰው ስለሌለ ቢሮ ሲገባ የሚታየው ሁልጊዜ ሰላማዊው ቁጥር ነው። የሚለካው ግን ጎርፉ ላይ ነው። ቁጥሮቹን የሚመዘግበው የኤልዲኤም-አድሚን «አድ-ሜትሪክስ» ትእዛዝ በየአምስት ደቂቃው በክሮን (ትእዛዝን በሰዓቱ በሚያስነሣው ፕሮግራም) እንዲሠራ ተደርጓል፤ ሌሊት ማንም መነሣት የለበትም።

ስሌቱ፦ 500 ሜጋባይት ሲካፈል ለ610 በሰከንድ 0.82 ሜጋባይት ይመጣል። በጸጥታው ሰዓት ደግሞ 500 ለ14,000 ሲካፈል 0.036፣ ማለትም በሰዓት 129 ሜጋባይት ገደማ። በሁለቱ መካከል ከሃያ እጥፍ በላይ ልዩነት አለ። በአማካይ የተሠራ ወረፋ በጎርፉ ጊዜ የማይበቃው ለዚህ ነው።

አሥር ደቂቃ ለምን አይበቃም? ኤልዲኤም ተቋርጦ ሲመለስ ላኪውን «ካቆምንበት ቀጥል» ይላል፤ ነባሪው ወደኋላ የሚጠይቀው ከፍተኛ ጊዜ 3,600 ሰከንድ ነው። ተደጋጋሚ ፕሮዳክትን የሚለየው ደግሞ ወረፋው ውስጥ ባለ የኤምዲ5 ፊርማ (ከይዘቱ በሚሰላ መለያ) ነው። ፕሮዳክቱ ከወረፋው ከወጣ ፊርማውም አብሮ ይወጣል። ወረፋው አሥር ደቂቃ ብቻ እየያዘ ሁለት ላኪዎች ካሉና ሁለተኛው ግማሽ ሰዓት ከዘገየ፣ ያው ቡለቲን እንደ አዲስ ይገባና ወደ ተቀባዮችም ይተላለፋል። መሐል ሜዳ ላይ አንድ ሪፖርት ሁለት ጊዜ ሲመዘገብ የታየው ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛው ልክ፦ ወረፋው በከፋው ሰዓት ቢያንስ ወደኋላ ከሚጠየቀው ጊዜ በላይ መያዝ አለበት።

ሐምሌ 8

ወረፋው ወደ 4 ጊጋባይት ተቀየረ። ቅደም ተከተሉ፦ ኤልዲኤም-አድሚን ስቶፕ፤ በሬግ-ዩቲል (መዝገብ መቀየሪያው ትእዛዝ) የ«ኪው-ሳይዝ» መዝገብ ላይ 4ጂ ማስገባት፤ ዴል-ኪው (ወረፋውን መሰረዝ)፤ ኤምኬ-ኪው (አዲስ መፍጠር)፤ ስታርት። መዝገቡ ላይ ቁጥሩን መቀየር ብቻውን ምንም አያመጣም፤ ፋይሉ እንደገና እስኪፈጠር የድሮው መጠን ይቀጥላል። ፋይሉ ሲሰረዝ ውስጡ ያለው ይጠፋል፤ በአዲስ ስም ሌላ ወረፋ ፈጥሮ በፒኪው-ኮፒ ማሸጋገር ይቻላል። እዚህ ግን ጠዋት 5 ሰዓት ላይ፣ በጸጥታው ጊዜ ስለተሠራ አላስፈለገም።

ማግሥቱን በጎርፉ ሰዓት የተነበበው ዝቅተኛ ዕድሜ 4,880 ሰከንድ ገደማ ነው፣ 81 ደቂቃ። ከ3,600 በልጧል። ተደጋጋሚው ቆመ።

ሐምሌ 11

መሐል ሜዳ ሦስት ሰዓት ተኩል መብራት ጠፋ። ሲመለስ የጽሑፍ ቡለቲኖቹ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ ክፍተት ነበር። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይምታታል፣ ተለይቶ ይጻፍ።

የደብረ ብርሃን መስመር ሲቋረጥ የሚያድነው የደብረ ብርሃን ወረፋ አይደለም፤ ከላይ ያለው የላኪው ወረፋ ነው። እዚህ 100 ጊጋባይት ቢፈጠርም ያልደረሰ መረጃ አይገባበትም። የራስ ወረፋ የሚያድነው ከታች ያለውን ተቀባይና ወደኋላ የቀረውን የራስ ፒኪው-አክት ነው። ስለዚህ መጠኑ የሚወሰነው «ተቀባዩ ስንት ሰዓት ሊጠፋ ይችላል?» በሚለው ነው። ለመሐል ሜዳ አራት ሰዓት ተይዟል።

ሁለተኛው፣ ወረፋው ትልቅ ቢሆንም ተቀባዩ ካልጠየቀ አያገኝም። መሐል ሜዳ ላይ የ«ማክስ-ሌተንሲ» መዝገብ (ወደኋላ የሚጠየቀው ከፍተኛ ጊዜ) ከ3,600 ወደ 14,400 ከፍ መደረግ ነበረበት፤ «ታይም-ኦፍሴት» የሚባለውም እንዲሁ። ተደርጓል።

ሐምሌ 12

ለአራት ሰዓት ስንት ያስፈልጋል? የመጀመሪያው ስሌት 0.82 በ14,400 ተባዝቶ 11.8 ጊጋባይት ሰጠ። ስህተት ነው፤ ጎርፉ አራት ሰዓት አይቆይም። ትክክለኛው የከፋውን የአራት ሰዓት መስኮት መደመር ነው፦ 5,400 ሰከንድ በ0.82፣ 4.43 ጊጋባይት፤ ቀሪው ሁለት ሰዓት ተኩል በ129 ሜጋባይት፣ 0.32 ጊጋባይት። ድምሩ 4.75። መጠባበቂያ ሲጨመርበት ወደ 7 ጊጋባይት ይጠጋል።

ማሽኑ ያለው 8 ነው። ወረፋው በሚሞሪ የሚነበብ ፋይል ስለሆነ ራም ውስጥ እስካለ ድረስ ፈጣን ነው፤ ከራም ሲተርፍ እያንዳንዱ ንባብ ዲስክ መንካት ይጀምራል። ያን ጊዜ የሚዘገየው ጎርፉ ላይ ነው፣ ልክ መዘግየት በሌለበት ሰዓት። ወረፋውን በኔትወርክ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም፤ የራሱ የማሽኑ ዲስክ መሆን አለበት።

(በዚህ አጋጣሚ፦ «ቶፕ» (የሚሠሩትን ሂደቶች የሚያሳየው ትእዛዝ) ሲከፈት አምስት የኤልዲኤም ሂደቶች እያንዳንዳቸው 4 ጊጋባይት የያዙ ይመስላሉ። ተደምሮ 20 አይሆንም። ሁሉም ያንኑ ፋይል ነው የሚያዩት። ይህን አይቶ ወረፋውን መቀነስ የተለመደ ስህተት ነው።)

ራም መግዛት አንድ መንገድ ነው። ግን መጀመሪያ የሚገባውን ማየት ይሻላል።

ሐምሌ 14፦ የሚገባውን መቀነስ

የኮንዱይት ጥያቄ መስመሩ ላይ ያለው ማጣሪያ «ሁሉንም» የሚል ነበር። የጂኤፍኤስ የሩብ ዲግሪ ሜዳ አንዱ 1,440 በ721፣ ማለትም 1,038,240 ነጥብ ነው። ኢትዮጵያን ከ33 እስከ 48 ምሥራቅ፣ ከ3 እስከ 15 ሰሜን የሚሸፍነው ቁራጭ 61 በ49፣ 2,989 ነጥብ ብቻ። ከ340 እጥፍ በላይ ትርፍ ይወርዳል። በሚያሳዝን ሁኔታ ኤልዲኤም ፕሮዳክትን አይቆርጥም፤ ወይ ሙሉውን ይልካል ወይ ይተዋል። ስለዚህ መቀነስ የሚቻለው በነጥብ ሳይሆን በሜዳ ዓይነትና በትንበያ ሰዓት ነው።

የኮንዱይት ፕሮዳክት ስም ውስጥ የሞዴሉ ስም፣ የትንበያው ሰዓት፣ የተለካው ነገርና ከፍታው ተጽፏል። ማጣሪያው በዚያ ላይ ተሠራ፦ የ2 ሜትር ሙቀት፣ የ2 ሜትር እርጥበት፣ የ10 ሜትር ነፋስ፣ ዝናብ፣ የደመና ሽፋን፣ ከላይኛው አየር ሦስት እርከን ብቻ፤ የትንበያ ሰዓትም እስከ 120። ጥያቄው በፕሮዳክቱ ስም መጨረሻ ባለው ተራ ቁጥር፣ በጎዶሎና በሙሉ፣ ለሁለት መስመር ተከፈለ፤ እያንዳንዱ የራሱ ግንኙነት ስለሚኖረው በሩቅ መንገድ ላይ ይረዳል።

ለመሞከር ኖቲፋይሚ ይበቃል፤ መረጃውን ሳያወርድ የሚያልፉትን ስሞች ብቻ ይዘረዝራል። ማጣሪያ በቀጥታ ማዋቀሪያው ፋይል ላይ ጽፎ ማስነሣት፣ ጎርፉ አልፎ ምንም እንዳልገባ ማታ ላይ ማወቅን ያመጣል።

አንድ ነገር ወዲያው ተወግዷል፦ የኔክስራድ ስርጭት። የቀድሞ ናሙና ማዋቀሪያ ውስጥ ተካቶ ነበር። የአሜሪካ ራዳር ነው፤ ለመንዝ ምን ሊያደርግ?

አዲሱ የጎርፍ ፍጥነት በሰከንድ 0.19 ሜጋባይት። የከፋው አራት ሰዓት፦ 5,400 በ0.19፣ 1.03 ጊጋባይት፣ ሲደመር 0.32፣ ድምሩ 1.35። በአንድ ተኩል ሲባዛ 2 ጊጋባይት። ወረፋው ከ4 ወደ 2 ወረደ። ከሦስት ቀን በኋላ የተነበበው ዝቅተኛ ዕድሜ 23,000 ሰከንድ አካባቢ ነው፣ ከስድስት ሰዓት በላይ። ግማሽ መጠን፣ ከአራት እጥፍ የበለጠ ጊዜ።

ሐምሌ 17፦ ቦታ እያለ የሞላ ወረፋ

መሐል ሜዳ ያለው ማሽን ጽሑፍ ብቻ ይቀበላል፤ ወረፋው 200 ሜጋባይት። ፒኪው-ሞን ላይ የተያዘው 68 ሜጋባይት ብቻ ሆኖ ዕድሜው ግን ከ3,600 አካባቢ አይበልጥም። ዲስኩ ደህና፣ ራሙ ደህና።

ያለቀው ባይት ሳይሆን ስሎት (የፕሮዳክት መመዝገቢያ ቦታ) ነው። ወረፋው ሲፈጠር ስንት ፕሮዳክት መመዝገብ እንደሚችል አብሮ ይወሰናል፤ ካልተነገረው መጠኑን በ4 ኪሎባይት ገደማ አማካይ አካፍሎ ራሱ ይወስናል። ለ200 ሜጋባይት ወደ 48 ሺህ ስሎት ይሆናል። የጽሑፍ ቡለቲን ግን አንድ ኪሎባይት ተኩል እንኳ አይሞላም። ምልክቱ ፒኪው-ሞን ላይ «ሚን-ኤምፕቲ» የሚለው ዓምድ ነው፦ ዜሮ ከነካ ስሎት አልቆ ያውቃል ማለት ነው።

«ኪው-ስሎትስ» ወደ 250,000፣ መጠኑ ወደ 400 ሜጋባይት። ስሎት ብዙ ቦታ አይበላም፤ መቆጠብ ትርፍ የለውም። ደብረ ብርሃን ላይ ትላልቅ የትንበያ ሜዳዎች አማካዩን ስለሚያነሡት ይህ ችግር የለም። ማክስ-ሌተንሲ 14,400 ስለተደረገ የተቀባዩም የራሱ ወረፋ አራት ሰዓት መያዝ አለበት፤ አለበለዚያ የሐምሌ 5ቱ ድግግሞሽ እዚያ ይጀምራል።

ሌላ ነገር፣ መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የብዙ የሚሽከረከሩ ሃርድ ዲስኮች የሥራ ከፍታ ወሰን 3,048 ሜትር ተብሎ ይጻፋል፤ የማንበቢያው ጫፍ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ነውና። እዚያ ኤስኤስዲ እንጂ ሌላ አይገባም።

ሐምሌ 21፦ ወደኋላ የቀረው ፒኪው-አክት

ሎጉ ላይ በጎርፉ ሰዓት «ወረፋው ውስጥ ያለው የመጨረሻ አሮጌ ፕሮዳክት ተሠራ» የሚል ማስጠንቀቂያ። ትርጉሙ፦ ፒኪው-አክት ከኋላ እየተባረረ ነው፣ ከእጁ ሳይደርሱ የወጡም ሳይኖሩ አይቀሩም። የመጀመሪያው ሐሳብ ሁልጊዜ ወረፋውን ማሳደግ ነው። ትልቅ ወረፋ ለጊዜያዊ ጎርፍ ይረዳል፤ ሠራተኛው በመደበኛነት ከሚገባው በታች ከሠራ ግን ውድቀቱን በጥቂት ሰዓት ከማዘግየት በቀር ለውጥ የለውም።

ምክንያቱ ተገኘ፦ እያንዳንዱ ሜዳ ሲገባ የመቁረጫው ፕሮግራም (ደብሊውግሪብ2) እንደ አዲስ ይነሣ ነበር። ፕሮግራም ማስነሣቱ ከቁረጣው በላይ ጊዜ ይወስዳል። ተቀየረ፦ ፒኪው-አክት የአንድ ትንበያ ሰዓት ሜዳዎችን አንድ ፋይል ላይ ይደራርባል፤ ፋይሉ ለሦስት ደቂቃ ሳይጨመርበት ሲቆይ ሌላ ስክሪፕት አንድ ጊዜ ይቆርጠዋል። በተጨማሪ ሁለት ፒኪው-አክት ተደረገ፣ አንዱ ለጽሑፍ አንዱ ለኮንዱይት፤ የውርጭ ማስጠንቀቂያ ከትንበያ ፋይል ኋላ መሰለፍ የለበትም።

የተቆረጠው ቁራጭ በፒኪው-ኢንሰርት «ኤክስፔሪሜንታል» በሚባለው የስርጭት ዓይነት ተመልሶ ወረፋው ይገባል፤ ሸዋ ሮቢት የሚጠይቀው እሱን ብቻ ነው። ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛ፣ የፒኪው-አክት ማጣሪያ የራሱን ውጤት እንደገና እንዳይይዝ የስርጭቱ ዓይነት በግልጽ ይጻፍ፤ «ሁሉም» ከተባለ ዙሪያ ይጀምራል። ሁለተኛ፣ ፊርማው የሚሠራው ከይዘቱ ነው። ከጣቢያ የሚመጣ «ዝናብ 0.0» የሚል ሰዓት ያልተጻፈበት ፋይል ከቀደመው ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ እንደ ተደጋጋሚ ይጣላል። በበጋ ወር ጣቢያው የሞተ ይመስላል። መፍትሔው ፋይሉ ውስጥ ሰዓት ማስገባት ወይም ፊርማው ከስሙ እንዲሠራ የፒኪው-ኢንሰርትን የ«አይ» ምርጫ መጠቀም ነው።

ቁራጩን ለሚያነቡ፦ ሩብ ዲግሪ ማለት 28 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር፣ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር፤ ሞዴሉ ጣርማ በርን እንደ ቁልቁለት ሜዳ አስተካክሎ ነው የሚያየው። በ1,000 ሜትር 6.5 ዲግሪ ተይዞ ብቻ በሁለቱ መካከል የ10 ዲግሪ ልዩነት አለ። የከፍታ ማስተካከያ ሳይደረግ ሙቀቱ እንዳይሰራጭ።

ሐምሌ 26

ነጎድጓድ፣ መብራት ጠፋ፣ ዩፒኤሱ 12 ደቂቃ ያዘ፣ ሰርቨሩ በድንገት ወደቀ። ሲነሣ ኤልዲኤም አልጀመረም፦ የወረፋው የጸሐፊ ቆጣሪ ዜሮ አይደለም ይላል። ማለትም ሲጽፍ የነበረ ሂደት በሥርዓት ሳይዘጋው ወድቋል።

ብዙ ሰው ወዲያው ዴል-ኪው ብሎ አዲስ ይፈጥራል። ያኔ ለመሐል ሜዳ የተቀመጠው የስድስት ሰዓት መረጃ አብሮ ይሄዳል፣ ያውም መሐል ሜዳም መብራት አጥቶ በነበረበት ሰዓት። መጀመሪያ ፒኪው-ካት ወረፋውን ከዳር እስከ ዳር ያንብበው፤ ካለስህተት ከጨረሰ ፒኪው-ቼክ በ«ትልቁ ኤፍ» ምርጫ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። 2 ጊጋባይት ለማንበብ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። መነሻ ስክሪፕቱ በዚህ ቅደም ተከተል ተስተካክሏል፤ ማንበቡ ካልተሳካ ብቻ ይሰርዛል። ዩፒኤሱም ባትሪው ግማሽ ሲደርስ ስቶፕ እንዲል ተደርጓል።

ወረፋውን ለፍጥነት ሲባል ራም ላይ ብቻ ማስቀመጥ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። መብራት በማይጠፋበት ቦታ ያስኬድ ይሆናል።

ሐምሌ 27

ከትናንቱ መውደቅ በኋላ ሸዋ ሮቢት ግንኙነቱ አለ፣ መረጃ ግን የለም። ሎጉ የሚለው «ፕሮዳክቱ አርጅቷል»። የማሽኑ ሰዓት ሦስት ሰዓት ወደፊት ሄዷል፦ የውስጥ ሰዓቱ በአገር ሰዓት ተሞልቶ እንደ ዓለም ሰዓት ይነበብ ነበር። 10,800 ሰከንድ ልዩነት ነው፤ እዚያ ማክስ-ሌተንሲ ገና 3,600 ስለነበር የገባው ሁሉ ያረጀ መስሎ ተጣለ። ክሮኒ (ሰዓት አስተካካይ ፕሮግራም) ተጭኖ ሦስቱም ማሽኖች በዓለም ሰዓት እንዲሄዱ ተደረገ። የሰዓት ስህተት የወረፋ ችግር መስሎ ስለሚመጣ ከፒኪው-ሞን በፊት ሰዓቱን ማየት ይቀድማል።

ነሐሴ 3

«ቬት-ኪው-ሳይዝ» የሚባለው ትእዛዝ ወረፋው የያዘውን ዝቅተኛ ጊዜ ከማክስ-ሌተንሲ ጋር ያወዳድራል። በሦስቱም ላይ በቀን አንድ ጊዜ እንዲሠራ ተደርጓል። ችግር ሲያገኝ ምን ያድርግ የሚለው መዝገብ «ምንም አታድርግ» ላይ ቀርቷል። «ወረፋውን አሳድግ» የሚለውን ምርጫ መተው ይሻላል፤ በራሱ ጊዜ ሰርቨሩን አቁሞ ወረፋውን እንደገና ይሠራል፣ ራሙ እስከ የት እንደሚችል ግን የሚያስብለት የለም። ማሳወቂያው በኢሜይል ይምጣ፤ ቁጥሩን ሰው ይወስን።

አሁን ያለው፦ ደብረ ብርሃን 2 ጊጋባይት፣ ስሎት ነባሪ። መሐል ሜዳ 400 ሜጋባይት፣ 250,000 ስሎት፣ ማክስ-ሌተንሲ 14,400። ሸዋ ሮቢት 300 ሜጋባይት፣ ማክስ-ሌተንሲ ሰዓቱ ከተስተካከለ ወዲህ 14,400። የትንበያ ሰዓቱ ከ120 ወደ 240 ከፍ ይበል የሚል ጥያቄ ቀርቧል፤ ከ120 በኋላ ሜዳዎቹ በየሦስት ሰዓቱ ስለሚመጡ ተጨማሪው 40 የትንበያ ሰዓት ነው፣ አሁን ካለው 121 ላይ አንድ ሦስተኛ። የኮንዱይት ድርሻ በጎርፉ ጊዜ ከ0.83 ጊጋባይት ወደ 1.11 ቢያድግ የከፋው አራት ሰዓት 1.62 ይሆናል። 2 ጊጋባይት ይይዘዋል፣ መጠባበቂያው ግን ከሩብ በታች ይወርዳል። ከመፈቀዱ በፊት ወረፋው 2.5 ይደረግ።